የጂቱ ራፍ ደብተር

አዳማ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ገመዳ፣ ባቱ

ጋሽ ገመዳ፣ አካም ጂርቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ።

«ተጣልተሽኝ ነው ወይስ አግብተሽ ረሳሽኝ?» ብለው በመሐመድዘይን የላኩት ብጣሽ ወረቀት ደርሶኛል። አልተጣላሁዎትም፣ አላገባሁምም። ሦስት ጊዜ ደውዬልዎት ነበር። እርስዎ «ሃሎ፣ ማን ልበል?» እያሉ ሲጮኹ፣ እኔም ስጮኽ፣ የመምህራን ክፍሉ ሁሉ ወሬያችንን አዳመጠ፤ ስለዚህ ተውኩት። ከእንግዲህ እንደ ድሮው በወረቀት ይሁን። መሐመድዘይን በሚኒባሱ ከአዳማ ባቱ ስለሚመላለስ ደብዳቤዬን በእጅዎ እንደሚያደርስ ምሎልኛል። ታሽጎ ካልደረሰዎት ግን ይንገሩኝ፤ ሰውየው ወሬ ይወዳል።

ምን እንዳስጨነቀኝ ጠይቀውኛል። ዘንድሮ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆቼን የቴክኖሎጂ ፕሮጀክት እያሠራሁ ነው። እርስዎ እኛን እንዳሠሩን ነው የጀመርኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም ዕቃ እንዳይነካ ከለከልኩና ሰፈራቸውን እየዞሩ ችግር እንዲለቅሙ አደረግኩ። ከዚያ ዕቅድ፣ ከዚያ ንድፍ፣ ከዚያ ሙከራ፤ ሁሉም ቀን እየተጻፈበት በደብተር። ግማሾቹ ዩቲዩብ ላይ ያዩትን ሮቦት ካልሠራን ብለው ነበር። «ሮቦቱ ለእናትህ ምን ይሠራላታል?» ስላቸው ችግር ለቀማ ወጡ።

ጂቱ የምትባል ልጅ አለችኝ። እናቷ ወይዘሮ ቡዜ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎና ለውዝ ይሸጣሉ። የጂቱ ሥራ የውሃ ደወል ነው። የአዳማን ውሃ ያውቁታል፤ ባልታሰበ ሰዓት ይመጣል፣ ሰው ሳይሰማም ይሄዳል። እሷ ቧንቧው ሥር በምታስቀምጠው ቆርቆሮ ውስጥ ተንሳፋፊ ነገር አድርጋለች። ውሃ ሲገባ ተንሳፋፊው ይነሣና ሁለት ሽቦ ያገናኛል፣ ደወሉ ይጮኻል። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ይሠራል፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ክፍሉም በአንድ ድምፅ መርጦታል።

እንቅልፍ የነሳኝ ደብተሯ ነው። አርባ ሁለት ገጽ ሙሉ አንድ ስርዝ የለበትም። መጀመሪያው ገጽና መጨረሻው ገጽ በአንድ ቀን የተጻፉ ይመስላሉ፤ ርዕሱ ሁሉ በቀይ ተሰምሮበታል። አሥር ሳምንት ሽቦ ሲነካካ የከረመ ልጅ ደብተር እንዲህ ይነጻል? በዚያ ላይ ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ሞባይል የሚጠግነው አብዱናሲር ሱቅ ስትገባና ስትወጣ አራት ጊዜ አይቻታለሁ። የተማሪ ፕሮጀክት በትእዛዝ የሚሠሩ ሱቆች እንዳሉ ደግሞ መምህር ሁሉ ያወራል።

ከእኛ ትምህርት ቤት ለከተማው ውድድር የሚያልፈው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ያሸነፈ ክረምቱን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይሠለጥናል። ጂቱ ቤት ኮምፒውተር የለም፤ ከዚህ ሌላ የሚከፈትላት በር አይታየኝም። ቅጹ ግን «ሥራው የተማሪዋ የራሷ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል፣ ከሥሩ የእኔ ፊርማ። የመጨረሻው ቀን ሚያዝያ 30 ነው። ውሸት ላይ ከፈረምኩ ተራው የሚደርሰውን ሌላ ልጅ በደልኩ። እውነቷን ሆኖ ካልፈረምኩ ደግሞ ጂቱን ጉድ አደረግኳት።

እርስዎ ሠላሳ ዓመት ሲያስተምሩ በምን ነበር የሚለዩት? እኔ ተማሪዎ ሳለሁ በ2001 የሠራሁትንስ የራሴ መሆኑን በምን አወቁ?

ልጅዎ ሣራ

———

ባቱ፣ መጋቢት 21 ቀን 2017

ለልጄ ለሣራ

ሰላምሽ ይብዛ። አካም ጂርታ? ደብዳቤሽ ታሽጎ ደርሷል፤ ጠርዙ ላይ ግን የጣት ቅባት አለ። መሐመድዘይን «ለውዝ እየበላሁ ነው የምነዳው፣ ከዚያ ነው» ይላል። ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። አንቺም ስትጽፊ ይህን እያሰብሽ ጻፊ።

የዘገየሁት ጉንፋን ይዞኝ ነው። የሐይቁ ነፋስ ዘንድሮ ከረር ብሏል። ብቻዬን ምን እንደምበላ ሳታስቢ አትቀሪም፤ አልራብኩም። ጎረቤቴ ጋሪ ነጂው ዓሣ ከሚያወርዱት ዘንድ ቆሮሶ ያመጣልኛል። ትልልቁን ለራሱ አስቀርቶ ትንንሹን እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ፤ አውቄ ዝም ብያለሁ።

ወደ ነገርሽ ልምጣ። ተማሪ ይዋሻል። ሁሉም አይደለም፣ ሁልጊዜም አይደለም፤ አንቺ ግን ይዋሻል ብለሽ ጀምሪ። ደወሉን ፊትሽ ትፍታው። ከዚያ ትግጠመው። ያልሠራውን ነገር ማንም ይፈታል፤ መግጠም ላይ ነው የሚጋለጠው። ቀኑን አስቀድመሽ እንዳትነግሪያት፤ ከነገርሻት ተለማምዳ ትመጣለች። አጠገቧም ማንም አይቁም።

በርቺ። ዓይንሽን ከእጇ ላይ አትንቀዪ።

ገመዳ

———

አዳማ፣ መጋቢት 30 ቀን 2017

ጋሽ ገመዳ፣ ጉንፋኑ ለቀቀዎት? ማርና ሎሚ ልኬያለሁ፤ ማሩ ጎድሎ ከደረሰ በማን እንደምናሳብብ ያውቃሉ።

«ልጅቷ ምን ሆነች?» ብለው በመሐመድዘይን አፍ አስጠይቀውኛል። በአፍ መመለስ አፍሬ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሳትዘጋጅ ጠራኋት። ደወሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና «ፍቺው፣ ከዚያ ግጠሚው» አልኳት። ብቻችንን የሆንን መስሎኝ ነበር፤ ለካ ግማሹ ክፍል መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ፈታችው። ገጠመችው። ውሃ አፈሰስኩበት። ተንሳፋፊው ተነሣ፣ ሽቦዎቹ ተነካኩ፤ ደወሉ ግን ጭጭ አለ። ቀዩን ሽቦ በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩን በቀዩ ቦታ ነበር የገጠመችው። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ያስተማርኩት ነገር ነው። መስኮቱ ላይ ያሉት ሳቁ። እሷ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችና «ይቅርታ ቲቸር» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ላብራቶሪ አልመጣችም።

አብዱናሲር ሱቅም ሄድኩ። «ለጂቱ ፕሮጀክት ሠርተህላታል?» አልኩት ፊት ለፊት።

«እኔ?» አለ፣ የያዘውን ስልክ አስቀምጦ። «እኔ ሽቦ የምትበይድበት ካውያ ነው ያዋስኳት። ሁለት ካውያ አቃጥላብኛለች እኮ! ጣቷን አላየሽውም እንዴ?»

ጣቷን አላየሁም። ደግሞስ እሱ ምን ሊል ኖሯል? «አዎ፣ ሠርቼ ሸጬላታለሁ» አይል። አሁን ሁሉም ነገር ማስረጃ እየመሰለኝ ተቸግሬያለሁ። ስታፍር «ጥፋተኛ ስለሆነች ነው» እላለሁ። ባታፍር ኖሮ ደግሞ «ዓይን አውጣ» ልል ነበር።

እውነቱን ልንገርዎትና እርስዎንም መጠርጠር ጀምሬያለሁ። የጠየቅኩዎትን ዘለሉት። ስለ ዓሣ ማድረቂያ ሳጥኔ ነው የጠየቅኩዎት፤ ውስጡን ጥቁር ቀብቼ፣ ላዩን መስታወት ገጥሜ፣ ቆሮሶ በፀሐይ ያደረቅኩበት። ክፍሉ መርጦት ለአዳማ ውድድር ሊሄድ ሲል «ቅጹ ዘግይቶ ደረሰ» ብለውኝ የቀረው። እርስዎ ጥያቄ የሚዘሉ ሰው አልነበሩም። «የዘለለ ዜሮ ነው» ይሉን የነበሩት እርስዎ ነዎት።

ሣራ

———

ባቱ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017

ለሣራ

ማሩ ጎድሏል፤ በጥቂቱ ነው፣ ይቅር ብለነዋል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «በሰው ፊት አሳፍሪያት አላልኩሽም» ብዬ ልጽፍ ጀምሬ ተውኩት። ያዘዝኩሽ ይህንኑ ነው።

አሁን አትፈርሚ። አልፈርምም ብለሽም አትንገሪያት። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያት፣ ብቻዋን ጠርተሽ፣ ወንበር ሰጥተሽ። ራፍ ደብተሯ የት አለ? በመጀመሪያ እጁ ንጹህ የሚጽፍ ልጅ እግዜር አልፈጠረም። ስርዝ ድልዝ ያለበት ነገር የሆነ ቦታ አለ። ወረቀት ላይሆን ይችላል፤ ግድግዳ ላይ፣ ሳንቃ ጀርባ ላይ ሊሆን ይችላል። እሱን ፈልጊ።

ስለ ጆሮዬ ሐኪሙ ማዳመጫ ይደረግልህ ብሎኛል። ሰው የሚያወራውን ሁሉ መስማት እንደምፈልግ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሌላውን ጥያቄሽን አልዘለልኩትም፤ ወደ መጨረሻ ነው ያስቀመጥኩት።

ገመዳ

———

አዳማ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017

ጋሽ ገመዳ፣ እንኳን ለትንሣኤ በዓል አደረስዎ። ለበዓሉ ለምን እንዳልመጣሁ በመሐመድዘይን አፍ ለጠየቁኝ፣ የሚታረም ፈተና ነበረብኝ። ይህ ግማሹ ምክንያት ነው።

ራፍ ደብተሯን ጠየቅኳት። እንዳሉኝ ወንበር ሰጠኋት፤ ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

«እናቴ ጠቀለለችበት ቲቸር» አለች።

«ምን ጠቀለሉበት?»

«ቆሎና ለውዝ። ጾም ስለነበረ ገዢ በዛ፣ መጠቅለያ አለቀባት።»

«ፕሮጀክትሽን የጻፍሽበትን ደብተር?»

«ወደ ንጹህ ገልብጬ ጨርሼ ነበር እኮ። ራፍ ይዛችሁ እንዳትመጡ ብለው የለ? ለደብተር አያያዝ አምስት ማርክ አለው ብለው የለ?»

ብያለሁ። ሳስተምር ከጀመርኩበት ቀን አንሥቶ በየክፍሉ እላለሁ። ከማን እንደወረስኩትም ያውቃሉ። እርስዎ ዘንድ ለደብተር አያያዝ ሁልጊዜ አምስት ከአምስት ነበርኩ፤ ደብተሬን ከፍ አድርገው ለክፍሉ ሲያሳዩልኝ እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር አልረሳውም። እና ይህች ልጅ ያዘዝኳትን ስለሠራች ነው የጠረጠርኳት?

እንዲህ ብዬ አንጀቴ ሊበላ ሲል ሌላው ጭንቅላቴ ተነሣ። እንዴት ያለ የተመቸ ምክንያት ነው! ማስረጃው የት ሄደ ቢሉ፣ መንገደኛ ሁሉ እየቆረጠመ መጠቅለያውን በመስኮት ጣለው። ማን ሄዶ ያጣራል? ቀኑ ደግሞ እየሄደ ነው። ስትወጣ ጣቶቿን አየኋቸው። ሁለቱ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ያም ቢሆን ምድጃ አቃጥሏት ሊሆን ይችላል አልኩ። እንዲህ ያለች ሰው ሆኛለሁ።

አሁን ደግሞ የእርስዎ ጉዳይ። «ሳንቃ ጀርባ» የሚለውን ከየት አመጡት? አጎቴ ኤባ አናጢ እንደነበር ያውቃሉ። የማድረቂያውን ስሌት ሁሉ እሱ በሰጠኝ ሳንቃ ጀርባ ላይ በእርሳስ ስሠራ ያየኝ እሱ ብቻ ነው። ለእርስዎ ያሳየሁት ንጹሁን ደብተር ነው። ሳንቃውን አላሳየሁዎትም፣ ነግሬዎትም አላውቅም።

መልስዎን እጠብቃለሁ፤ መጨረሻው ላይ ደርሰናል።

ሣራ

———

ባቱ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017

ልጄ ሣራ፣

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ። መጀመሪያ የልጅቷን፣ ቀጥሎ የራሴን።

ከዚህ ጋር የታጠፉ አራት ቅባታም ወረቀቶች ታገኛለሽ። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ መሐመድዘይንን ጠርቼ፣ አዳማ በገባ ቁጥር ከወይዘሮ ቡዜ ለውዝ እንዲገዛልኝ፣ መጠቅለያው ግን በእጅ የተጻፈበት እንዲሆን አዘዝኩት። ጥቅሉን እያገላበጠ ሲመርጥ ሴትየዋ ጤንነቱን ተጠራጥረዋል አሉ። ከሰባት ቀን በኋላ ጥርሴ እስኪያመኝ ለውዝ በልቼ፣ የሰው ጂኦግራፊና የሰው ሒሳብ አንብቤ፣ እነዚህን አራቱን አገኘሁ። የእጅ ጽሑፏን አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ የማውቀው የደከመ ሰው የጻፈው መሆኑን ነው።

«ሙከራ 6፦ ስፖንጁ ውሃ ጠጥቶ ሰመጠ።» ተሰርዞ፣ ተደልዞ፣ ከጎኑ የሰመጠ ስፖንጅ ተሥሏል። «ሙከራ 9፦ የአሮጌ ሲሊፐር ቁራጭ ተንሳፈፈ!!!» ሦስት ቃለ አጋኖ አለው፤ እኔ ብሆን አንዱን ብቻ አስቀርላት ነበር። አሁን ቀጣዩን ረጋ ብለሽ አንብቢ። «ሙከራ 11፦ አልጮኸም። ቀይና ጥቁር ገለበጥኩ። ሙከራ 15፦ አሁንም ገለበጥኩ። ስቸኩል ነው። አብዱናሲር ሳቀብኝ።»

ጠረጴዛሽ ላይ ሰው እየሳቀባት የተሳሳተችው ይህንኑ ነው። ሱቅ ደወል ሊሸጥላት ይችላል፤ ስህተቷን ግን አይሸጥላትም። ሥራው የእሷ መሆኑን ያን ቀን አሳይታሻለች፤ ሁለታችንም አላየንም።

የአራተኛውን ወረቀት ጠርዝ ባታነቢው ይሻልሽ ነበር፤ ግን ካሁን በኋላ ምንም አልደብቅሽም። «ቲቸር ሣራ ዛሬ ሐሳብሽ ጥሩ ነው አለችኝ። ደብተሬን ከሁሉም ንጹህ አድርጌ ነው የምሰጣት» ይላል።

አሁን የእኔ። ቅጹ አልዘገየም። በጊዜው ደርሶ ኮቴ ኪስ ውስጥ ሁለት ሳምንት ተቀምጧል። አልፈረምኩም። ደብተርሽ እጅግ ንጹህ ነበር፣ ሳጥኑ እጅግ የተስተካከለ ነበር፣ አጎትሽ አናጢ ነበር። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ይህን አትሠራም አልኩ። አንቺን መጠየቅ እችል ነበር። ተሳስቼ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁና ዝም አልኩ፤ ቀኑ ሲያልፍ ዘገየ አልኩሽ።

በ2004 አጎትሽ ኤባ መደርደሪያ ሠራልኝ። አንቺ ዩኒቨርሲቲ ነበርሽ። ከተፈታው ሳጥን የተረፈ ሳንቃ ነው ብሎ የገጠመውን ስገለብጠው በእርሳስ የሠራሽውን ስሌት አየሁ። መስታወቱ ስንት ዲግሪ እንደሚያዘነብል አምስት ጊዜ ተሳስተሽ በስድስተኛው ያገኘሽውን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልነግርሽ አስባለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት መጻሕፍቴን እዚያው ሳንቃ ላይ ደርድሬ እያየሁት ዝም አልኩሽ።

በ30 ነው አይደል ቀኑ? ከደብዳቤው ቀድሞ እንዳይመሽብሽ መሐመድዘይንን ለምኜዋለሁ።

ገመዳ

———

አዳማ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017

ጋሽ ገመዳ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

«ደረሰ ወይስ አልደረሰም?» ብለው ሁለት ጊዜ ልከውብኛል። በ25 ደርሷል። መልስ ያልላክሁት ስላልቻልኩ ነው።

እነ ጂቱ ቤት ሄድኩ። ደወሉ ፈራርሶ ካርቶን ውስጥ ነበር፤ ተንሳፋፊው የነበረበት ቆርቆሮ የወይዘሮ ቡዜ ለውዝ መስፈሪያ ሆኗል። ወረቀቶቹን ስዘረጋላት ጂቱ ደንግጣ «ይቅርታ ቲቸር፣ ቆሻሻ ናቸው» ብላ ልትሰበስባቸው እጇን ዘረጋች። ጋሽ ገመዳ፣ ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። ይቅርታ ጠየቅኳት። «እሺ፤ ግን አምነው ነው የሚፈርሙት ወይስ አዝነው?» አለችኝ። አምኜ ነው አልኳት። «እንግዲያው ቆርቆሮውን ከእናቴ ያስመልሱልኝ» አለች።

ማክሰኞ መስኮቱ ላይ የሳቁትን ሁሉ አስቀምጬ ፊታቸው ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ቀይና ጥቁሩን ቀስ ብላ ገጠመች፤ ጮኸ። ረቡዕ ፈረምኩ። አራቱን ቅባታም ወረቀቶች ንጹሁ ደብተር ውስጥ ለጥፈን ላክነው፤ ዳኞቹ የለውዙን ሽታ ይቻሉት። ለደብተር አያያዝ ስሰጥ የነበረውን አምስት ማርክ ለራፍ አድርጌዋለሁ። የውድድሩ ውጤት ገና አልታወቀም።

በእርስዎ ግን ተቆጥቻለሁ። ዘገየ የተባልኩትን ይዤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ፖስታ ቤት ስረግም ኖሬያለሁ። ሳጥኑ አዳማ ቢደርስ ኖሮ ሕይወቴ ሌላ ይሆን ነበር አልልም። እኔ የምፈልገው አንድ ሰው የራሷ ነው እንዲል ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ እርስዎ ነበሩ። ከዚያ የባሰው፣ እርስዎ ያደረጉብኝን እኔው በሌላ ሰው ልጅ ላይ ልደግመው አምስት ቀን ነበር የቀረኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ አሁን ብጽፍ ለማርክ ብዬ የገለበጥኩት ይሆናል። ገና ራፉ ላይ ነኝ።

ከዚህ ጋር የ2001 ደብተሬን ልኬልዎታለሁ። በየተከራየሁበት ቤት ተሸክሜው ዞሬያለሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ «የመምህሩ ፊርማ» የሚል መስመር አለ፣ ባዶ ነው። ከፈለጉ ይፈርሙበት።

ሣራ

———

ባቱ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017

ልጄ ሣራ፣

ቁጣሽ ተገቢ ነው፤ ቶሎ ይብረድልኝ አልልም።

ሳንቃውን ከግድግዳው ነቅዬ የመሐመድዘይን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሬ ልኬልሻለሁ። በእርሳስ የተጻፈበትን ጎን በጋዜጣ ሸፍኜዋለሁ፤ እንዳይፋቅ ተጠንቅቀሽ ፍቺው። መጻሕፍቴ ወለሉ ላይ ናቸው፤ እዚያው ይሁኑ።

ደብተሩ ላይ ፈርሜያለሁ። ፊርማዬ ከመስመሩ ወጥቷል። ቀኑን 2001 ብዬ ጀምሬ፣ ሰርዤ፣ 2017 ብያለሁ፤ ቀለሙም ትንሽ ተጨማልቋል። በሌላ ወረቀት አሳምሬ ልገልብጠው አስቤ ነበር። ተውኩት።

ገመዳ